ቀርከሃና ቀስት፦ ቁም ነገሩ ዕድሜውን ማወቅ ነው

እንሰት የምትፍቅ ሴት የቀርከሃን ጥንካሬ ማንም እንዲነግራት አያስፈልግም። የእንሰቱን ልጥ ሰሌዳ ላይ ታስደግፋለች። የተሰነጠቀውን ቀርከሃ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ታች ትገፋለች። ሥጋው ይወርዳል፤ ቃጫው ይቀራል። ሥጋው ቆጮ ይሆናል። ቃጫው ገመድ ይሆናል። መፋቂያው ግን ቶሎ አይዶለዱምም። ይህ ሁሉ ስለት ከየት መጣ? ከቀርከሃው ቆዳ ነው።

ይሁን እንጂ ሌላም የምናውቀው ነገር አለ። አምና ከቀርከሃ የተሠራው አልጋ ዘንድሮ ሲጢጥ ይላል። ከሥሩ ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ነቀዝ ገብቶበታል ማለት ነው። አጥሩም ከመሬት ጋር በተገናኘበት በኩል በስብሶ ይወድቃል። ሰውም ይህን አይቶ፣ “ቀርከሃ ድሮውንስ ምን ዕድሜ አለው!” ይላል።

ታዲያ እውነት ቀርከሃ ዕድሜ የለውም? በዓለም ላይ ቀርከሃን ከማንም በላይ የሚፈትኑት ቀስት ሠሪዎች ናቸው። የእነሱ ቀርከሃ በየቀኑ ይጎብጣል፤ በየቀኑ ይለጠጣል፤ ግን ለብዙ ዓመት ያገለግላል። እስቲ ዛሬ ወደ ቀስት ሠሪዎቹ ሄደን እንይ። የሚያውቁትን ይዘን ወደ ጓሯችን እንመለሳለን።

ቀስት ምንድን ነው?

በመጀመሪያ ቃላቱን እንለይ። ቀስት ማለት ጎበጥ ያለውና የሚለጠጠው እንጨት ነው። አውታር ማለት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተወጠረው ገመድ ነው። ፍላጻ ማለት ከአውታሩ ተነሥቶ የሚበረው ቀጭን ዘንግ ነው። ከዝናብ በኋላ ሰማይ ላይ የምናየውን “ቀስተ ደመና” የምንለው ቅርጹ ቀስት ስለሚመስል ነው።

ነገሩ ለቤታችን እንግዳ አይደለም። ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን አስቡ። ደጋኑ የጎበጠ እንጨት ነው። ጅማት ተወጥሮበታል። ጅማቱ ሲነካ ይርገበገባል፤ ጥጡን በትኖ ያፍታታዋል። የማሲንቆ መምቻውም ደጋን ይባላል። ቀስትና ደጋን የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የጎበጠው እንጨት “ወደ ቦታዬ ልመለስ” ይላል። ገመዱ “አትመለስም” ብሎ ይይዘዋል። ሥራውን የሚሠራው በሁለቱ መካከል ያለው ትግል ነው።

በአገራችን በምዕራብ በኩል የጉሙዝ ሰዎች ቀስትና ፍላጻ በመያዝ ይታወቃሉ። በሌላው ዓለም ደግሞ ቀስት ዛሬ በአብዛኛው የስፖርት መሣሪያ ሆኗል። በኦሊምፒክ ውድድር ተወዳዳሪው ከ70 ሜትር ርቀት ላይ ዒላማ ይመታል። በህንድና በቻይና መካከል ያለችው ትንሿ ቡታን እ.ኤ.አ. በ1971 የቀስት ውርወራን ብሔራዊ ስፖርቷ አድርጋለች። የቡታን ባህላዊ ቀስት ከሁለት የቀርከሃ ስንጥሮች ይሠራል። ስንጥሮቹ መሃል ላይ፣ መያዣው ዘንድ ይጋጠማሉ። የዒላማው ርቀት 140 ሜትር ገደማ ነው።

በቀርከሃ ቀስት ሥራ እጅግ የረቀቁት ግን ጃፓኖች ናቸው። የጃፓን ቀስት ቁመቱ 2 ሜትር ከ21 ሳንቲም ገደማ ነው። ከያዘው ሰው ይረዝማል። በደቡብ ጃፓን በሚያዛኪ አውራጃ ሚያኮኖጆ የምትባል ከተማ አለች። የከተማዋ ሰዎች ቀርከሃ አነባብረው ቀስት በመሥራት የታወቁ ናቸው። የጃፓን መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ሥራቸውን በባህላዊ ዕደ ጥበብነት መዝግቦላቸዋል። ቀጥሎ የምንተርከው የእነዚህን ሰዎች አሠራር ነው።

ለጋ ቅርንጫፍ አጉብጡ

አሠራሩን ከማየታችን በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ለጋ ቅርንጫፍ ቁረጡ። በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አጉብጡት። ምን ታያላችሁ? በውጭ በኩል ያለው ልጥ ይወጠራል፤ ከዚያም ይተረተራል። በውስጥ በኩል ያለው ልጥ ይጨማደዳል። መሃሉ ግን ብዙም አይነካም።

ቀስትም እንዲሁ ነው። አንዱ ፊቱ ይለጠጣል፤ ሌላው ፊቱ ይጨመቃል። ስለዚህ ጠንካራው ነገር መሆን ያለበት በሁለቱ ፊቶች ላይ ነው። መሃሉ ላይ ቀለል ያለ ነገር ቢሆን ችግር የለም።

አሁን ደግሞ በመጋዝ የተቆረጠ ቀርከሃ አንሡና የተቆረጠውን አፍ ተመልከቱ። ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ታያላችሁ። እነዚያ ነጥቦች የቃጫ ጫፎች ናቸው። ከቆዳው አጠገብ ጥቅጥቅ ብለዋል። ወደ ውስጥ በኩል እየሳሱ ይሄዳሉ። የቀርከሃ ኃይሉ ያለው ከቆዳው አጠገብ ነው የምንለው ለዚህ ነው። እንሰት የምትፍቀው ሴት በእጇ የምታውቀውን ቀስት ሠሪውም ያውቀዋል። ሠሪው የውስጡን ለስላሳ ክፍል ይልጋል እንጂ ቆዳውን አይነካም።

ቀስቱ እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው ሥራ መምረጥ ነው። ሠሪው ቀጥ ያለና የበሰለ ቀርከሃ ይፈልጋል። ለጋውን አይቆርጥም። ያረጀውንም አይወስድም። የሚቆርጠውም በክረምት አይደለም። የጃፓን ብርድ ሲገባ፣ ተክሉ እድገቱን ሲያቆም ይቆርጠዋል።

ሁለተኛው ሥራ መሰንጠቅና ማድረቅ ነው። ቀርከሃው በቁመቱ ይሰነጠቃል። ስንጥሮቹ ነፋስ በሚያገኝበት ጥላ ሥር ይቀመጣሉ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት አይደለም፤ ወራት ይፈጃል። ሠሪው አይቸኩልም። እርጥብ ቀርከሃ ሲደርቅ ይሸበሸባል፤ ይጣመማልም። ሳይደርቅ የተጣበቀ እንደሆነ ኋላ ይለቃል።

ሦስተኛው ሥራ በእሳት ማሞቅ ነው። ስንጥሩ ከከሰል ፍም በላይ ከፍ ተደርጎ ይዘዋወራል። እንዳይቃጠል ጥንቃቄ ይደረጋል። በውስጡ የነበረው ቅባት ወደ ቆዳው ይወጣና በጨርቅ ይጠረጋል። ቀርከሃው ቡናማ መልክ ይይዛል፤ ይጠነክራልም።

አራተኛው ሥራ መላግ ነው። የውስጡ ለስላሳ ክፍል በመላጊያ ይነሣል። ስንጥሩ ወደ ሁለቱ ጫፎች እየቀጠነ እንዲሄድ ይደረጋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከቀጠነ ቀስቱ እዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ሠሪው በዓይኑ ብቻ አያምንም። በጣቱ እየዳበሰ፣ በእጁ እያጎበጠ ይለካል።

አምስተኛው ሥራ ማነባበር ነው። መሃል ላይ ጠበብ ጠበብ ያሉ የቀርከሃ ስንጥሮች ጎን ለጎን ይደረደራሉ። ከግራና ከቀኛቸው ቀጭን እንጨት ይገባል። ከፊትና ከኋላ ደግሞ ሁለት ሰፋ ያሉ የቀርከሃ ስንጥሮች ይደረባሉ። የሁለቱም ቆዳ ወደ ውጭ ይሆናል። በየመካከላቸው ሙጫ ይቀባል። ድሮ ሙጫው ከአጋዘን ቆዳ ይፈላ ነበር። ዛሬ ብዙዎቹ በፋብሪካ ሙጫ ይሠራሉ።

ስድስተኛው ሥራ ከሁሉም የሚያስጨንቀው ነው። የተነባበረው ሁሉ በገመድ ዙሪያውን ይጠመጠማል። ከዚያ በኋላ በገመዱ ሥር ሽብልቆች ይመታሉ። ሽብልቅ እንጨት ለመፍለጥ የምንጠቀምበት ዓይነት ቀጭን አፍ ያለው ነገር ነው። እዚህ ግን ለማጥበቅ ያገለግላል። ለአንድ ቀስት መቶ ገደማ የቀርከሃ ሽብልቅ ይገባል። ሽብልቁ በገባ ቁጥር ገመዱ ይጠብቃል። ሠሪው እየመታ ቀስቱን ያጎብጠዋል። ይህን ሁሉ ሙጫው ሳይደርቅ መጨረስ አለበት። አንዴ ከደረቀ ማስተካከል ዘበት ነው።

ሰባተኛው ሥራ መግራት ነው። ሙጫው ሲደርቅ ገመዱ ይፈታል። አዲሱ ቀስት የጎበጠው አውታር ከሚገባበት በተቃራኒ በኩል ነው። ሠሪው በኃይል ወደ ሌላው ጎን መልሶ አውታሩን ያስገባል። ቀስቱ ሁልጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ስለሚፈልግ ኃይሉ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ጎን ጎኑ እየተላገ፣ ጠማማው እየተቃና ብዙ ጊዜ ይቆያል። በመጨረሻ ሠሪው ስሙን ይጽፍበታል። ስም የተጻፈበት ሥራ ባለቤቱን ያስከብራል፤ ወይም ያሳፍራል።

ለምን ተነባበረ?

“አንድ ወፍራም እንጨት መቁረጥ እያለ ይህ ሁሉ ድካም ለምን?” የሚል አይጠፋም። መልሱን ከደብተራችሁ ታገኛላችሁ።

ደብተራችሁን በሁለት እጃችሁ ይዛችሁ አጉብጡት። በቀላሉ ይጎብጣል። ለምን? ገጾቹ አንዱ በሌላው ላይ ስለሚንሸራተቱ ነው። ስትለቁት መልሶ ይቃናል። አሁን ደግሞ በየገጹ መካከል ሙጫ ቀብታችሁ፣ አጉብጣችሁ ይዛችሁት ደረቀ እንበል። ከዚያ በኋላ ደብተሩ ቢለቁትም አይቃናም። ገጾቹ ተያይዘዋል፤ መንሸራተት አይችሉም። እንደ ጣውላ ደርቆ ይቆማል።

የቀርከሃ ስንጥርም እንደ ገጹ ነው። ለብቻው ሲሆን እንደ ልብ ይጎብጣል። ተነባብሮ ሲጣበቅ ግን የተሰጠውን ቅርጽ ይይዛል። ሌላም ጥቅም አለው። አንዱ ስንጥር ላይ ደካማ ቦታ ቢኖር ጎረቤቱ ይሸፍንለታል። ለዚህ ነው ሠሪው የአንዱን አንጓ ከሌላው አንጓ ጋር ትይዩ የማያደርገው። አባቶች “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” ያሉት እዚህም ይሠራል።

ይህ የማነባበር ዘዴ ለቀስት ብቻ አይደለም። ዛሬ በብዙ አገር ፋብሪካዎች የቀርከሃ ስንጥር እያጣበቁ የወለል ጣውላ፣ ጠረጴዛና በር ይሠራሉ። በኢትዮጵያም የቀርከሃ የወለል ንጣፍ ተሠርቷል።

የእኛስ ቀርከሃ?

ኢትዮጵያ በቀርከሃ ሀብት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚ ከሆኑት አንዷ ናት። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ በሳተላይት የተደገፈ ጥናት የአገራችንን ቀርከሃ 1.47 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ አድርሶታል።

የአገራችን ቀርከሃ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የደጋ ቀርከሃ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር ጀምሮ ይበቅላል። ውስጡ ክፍት ነው። ሁለተኛው የቆላ ቀርከሃ ነው፤ ሽመል ይባላል። ይህኛው ሲበስል አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ድፍን ነው። በብዛት የሚገኘው በምዕራብ ቆላ፣ በቤኒሻንጉል ጉሙዝና በአካባቢው ነው።

የደጋው ቀርከሃ በደቡቡ ደጋ የገበሬ ተክል ነው። በሲዳማ፣ በጌዴኦ፣ በጉራጌና በጋሞ ደጋ ሰው በጓሮው ይተክለዋል። በጨንቻ ዶርዜዎች ረጅሙን ቤታቸውን የሚጎነጉኑት በቀርከሃ ነው። የቤቱን ሥር ምስጥ ሲበላው የተበላውን ቆርጠው ያነሡታል። ቤቱ በቁመቱ ያጥራል እንጂ አይፈርስም። እንዲህ እያለ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ይኖራል። እንግዲህ “ቀርከሃ ዕድሜ የለውም” የሚለው አባባል በዶርዜ ቤት ፊት ሐሰት ይሆናል።

ሆሳዕና፣ ዱራሜ፣ አንጋጫና ዶዮገና ያሉበት አገር ደጋና ወይናደጋ ነው። የአምባሪቾ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ለደጋ ቀርከሃ የሚስማማ ከፍታ አለን ማለት ነው። በጓሯችሁ ቀርከሃ ያላችሁ እንግዲህ ጆሯችሁን ስጡን። ከቀስት ሠሪው የምንማረው ዋና ነገር ሙጫው አይደለም፤ ሽብልቁም አይደለም። ዋናው የቀርከሃውን ዕድሜ ማወቁ ነው።

ቀርከሃ ሲያድግ ያታልላል

ቀርከሃ እንደ ባሕር ዛፍ አይደለም። ባሕር ዛፍ በየዓመቱ ይረዝማል፤ በየዓመቱም ይወፍራል። ዕድሜውን በውፍረቱ መገመት ይቻላል። ቀርከሃ ግን ከመሬት ሲወጣ ውፍረቱን ይዞ ይወጣል። በዝናቡ ወራት ቡቃያው ብቅ ይላል። በጥቂት ወራት ውስጥ ሙሉ ቁመቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ አይረዝምም፤ አይወፍርምም።

ስለዚህ የዘንድሮው ቀርከሃ ከሦስት ዓመቱ ቀርከሃ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ላየው ሰው ሁለቱም ደርሰዋል። ግን የዘንድሮው ገና ለጋ ነው። ውስጡ ውኃ ነው። እየጠነከረ የሚሄደው ቆሞ ሳለ ነው። ለቤት፣ ለአልጋና ለመሰላል የሚሆነው ሦስት ዓመት ሲሞላው ነው።

ለጋው ቢቆረጥ ምን ይሆናል? ሲደርቅ ይሸበሸባል። ይሰነጠቃል። ነቀዝም ይወደዋል። ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ለጋው የነገው እናት ነው። ቅጠሉ ምግብ ሠርቶ ወደ ሥሩ ይልካል። የሚመጣው ዓመት ቡቃያ ያንን ምግብ ይበላል። ለጋውን በየዓመቱ የሚቆርጥ ሰው ቡቃያው እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድበታል። በመጨረሻ ተክሉ ይመነምናል።

ያረጀውም ቢሆን ዝም ብሎ ከቆመ ይደርቃል፤ ቦታም ይይዛል። ስለዚህ ሳያረጅ መቁረጥ ይገባል።

ዕድሜው በምን ይታወቃል? አንዳንድ ምልክት አለ። የዘንድሮው ብሩህ አረንጓዴ ነው። ቅርፊቱ ገና አልረገፈም። ከአንጓው ሥር ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር አለበት። ሦስት ዓመት የሞላው መልኩ ደብዘዝ ይላል። ግራጫ ሽበት የመሰለ ነገር ቆዳው ላይ ይታያል። ነገር ግን የሁለት ዓመቱን ከሦስት ዓመቱ በዓይን መለየት ያስቸግራል።

ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ። እሱም መጻፍ ነው!

ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ብዙ ሰው “በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ለምኔ?” ብሎ ነበር። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። ሀዲይኛና ከምባትኛ ከእነዚህ ውስጥ ነበሩ። ዛሬም “ፊደል ለምኔ?” የሚል አይጠፋም። መልሱ በጓሮ ይገኛል።

ዝናቡ ሲያልፍ ወደ ቀርከሃችሁ ግቡ። በዚያ ዓመት የበቀለውን እያንዳንዱን ቀርከሃ ለዩ። በደረታችሁ ቁመት ላይ ዓመተ ምሕረቱን ጻፉበት። ቀለም ካለ በቀለም ይጻፋል። ቀለም ከሌለ ለጋው ቆዳ ላይ በምስማር ጫፍ ቢጫር ጠባሳው ይቀራል። ጥልቅ አድርጎ መቁረጥ ግን አያስፈልግም። በሚመጣው ዓመት ለአዲሶቹ እንደገና ጻፉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። በ2018 ዓ.ም. የበቀለ ቀርከሃ “2018” ተብሎ ይጻፍበታል። በላዩ 3 ደምሩ። 2021 ይሆናል። ስለዚህ በ2021 ዓ.ም. ይቆረጣል ማለት ነው። ሁለት ቁጥር የሚደምር ሰው ከዚህ በኋላ አይሳሳትም።

እስቲ ሁለት ጎረቤታሞችን በሐሳባችን እናስብ። ሁለቱም ቀርከሃ አላቸው። የትምህርት ቤት መክፈቻ ደርሷል። ለልጆች ደብተርና ልብስ ገንዘብ ያስፈልጋል። አንድ ነጋዴ መጣ።

“አያ፣ ቀርከሃውን በሙሉ ልግዛዎ። ሙልጭ አድርጌ ልቁረጥና አንድ ጊዜ ገንዘብዎን ይያዙ” አለ።

አንደኛው ጎረቤት እሺ አለ። ለጋውም፣ የበሰለውም፣ እናቱም ተቆረጠ። በዚያ ዓመት ገንዘብ ያዘ። በሚቀጥለው ዓመት የበቀለው እንደ ጣት የቀጠነ ነበር። ነጋዴውም አልተመለሰም።

ሁለተኛው ጎረቤት ሚስቱን ጠራ። ሚስቱ የመሠረተ ትምህርት ተማሪ ናት። በተክሉ መካከል እየዞረች ቁጥሩን ታነብ ጀመር።

“ይኼ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይቆረጥ። ይኼ አምና የወጣ ነው፤ አይነካም። ያኛው ደግሞ የዘንድሮ ነው፤ ወዲያ በሉ!”

“እንዴ እትዬ፣ ሁሉም እኩል አይደሉም እንዴ?” አለ ነጋዴው።

“ቁመቱ እኩል ነው። ቁጥሩ ግን እኩል አይደለም” አለችው።

ነጋዴው የበሰለውን ብቻ ገዛ። ባልና ሚስቱ ያገኙት ገንዘብ ከጎረቤታቸው ያንስ ነበር። ነገር ግን በሚመጣውም ዓመት፣ ከዚያ በኋላም ባለው ዓመት የሚሸጡት አላቸው። ደብተር ደግሞ በየዓመቱ ነው የሚገዛው።

ከተቆረጠ በኋላ

ዕድሜው ደረሰ ብሎ መቁረጥ ብቻ አይበቃም። እነዚህን ነገሮች አስተውሉ፦

1. በበጋ ቁረጡ። ቡቃያ በሚወጣበት በዝናቡ ወራት ተክሉ ውስጥ አትግቡ። ቡቃያው ይሰበራል። ከብትም እንዳይገባ እጠሩት፤ ቡቃያውን ይበላል።

2. ወደ መሬት ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ። የምትቆርጡት ከአንጓ በላይ፣ አንጓውን ጠጋ ብሎ ይሁን። ከአንጓው በላይ ረጅም ጉድጓድ ከቀረ ውኃ ያጠራቅማል፤ ጉቶውን ያበሰብሰዋል።

3. የደረሰውንም ቢሆን በአንድ ጊዜ አትጨርሱት። ጥቂት ጥቂት አስቀሩ። ለለጋዎቹ ከነፋስ መደገፊያ ይሆኗቸዋል።

4. በጥላ አድርቁ። ቀርከሃውን አቁማችሁ አስደግፉት። መሬት ላይ አታጋድሙት። ፀሐይ ላይ የተጣለ ቀርከሃ ይሰነጠቃል።

5. ነቀዝን ተከላከሉ። ነቀዝ የሚመጣው በቀርከሃው ውስጥ ያለውን ስታርች ፍለጋ ነው። ስታርች ማለት እንደ ድንች ዱቄት ያለ ምግብ ነው። ቀርከሃው ለጥቂት ሳምንታት ውኃ ውስጥ ቢነከር ብዙው ታጥቦ ይወጣል። ከዚያ በጥላ ይደርቃል። ጭስም ይረዳል። ከምድጃ በላይ ያለው የጣራ ቀርከሃ ጠቁሮ ለረጅም ዘመን የሚቆየው በጭሱ ምክንያት ነው። ስትነክሩ ግን ሰው ከሚጠጣው ምንጭ ራቁ፤ ውኃውን ያሸተዋል።

6. ከአፈር አርቁት። ያልታከመ ቀርከሃ አፈር ውስጥ ተተክሎ የሚቆየው ከ1 እስከ 3 ዓመት ነው። የአልጋውን እግር፣ የቤቱን ምሰሶ ድንጋይ ላይ አቁሙት።

በእነዚህ ነገሮች ውስጥ ገንዘብ የሚጠይቅ ምን አለ? ቀለሙ ብቻ ነው። የቀረው ትዕግሥትና ቁጥር መጻፍ ነው።

ቀስት ሠሪው ወራት የሚጠብቀው ሞኝ ሆኖ አይደለም። ዛሬ የቸኮለበት ስንጥር ነገ እጁ ላይ እንደሚሰበር ያውቃል። እኛም ቀስት ባንሠራ መሰላል እንሠራለን። በመሰላሉ ላይ የሚወጣው የራሳችን ልጅ ነው። የተሠራበት ቀርከሃ የስንት ዓመት እንደሆነ ብናውቅ አይከፋም።

የቃላት ፍቺ

አንጓ — በቀርከሃ ላይ በየመሃሉ ያለው ቋጠሮ
አውታር — ቀስት ላይ የሚወጠር ገመድ
ስንጥር — በቁመቱ የተሰነጠቀ ቀጭን ቀርከሃ
ማነባበር — አንዱን በሌላው ላይ መደራረብ
መመንመን — እየቀጠኑና እየደከሙ መሄድ

ለውይይት

1. የቀርከሃ ጥንካሬ በየትኛው ክፍሉ ይገኛል? ቀርከሃ ቆርጣችሁ ለጎረቤታችሁ አሳዩ።
2. በ2019 ዓ.ም. የበቀለ ቀርከሃ በስንት ዓመተ ምሕረት ይቆረጣል?
3. ከሁለቱ ጎረቤታሞች የቱ ተጠቀመ? ለምን? እናንተ በእነሱ ቦታ ብትሆኑ ነጋዴውን ምን ትሉት ነበር?